ናው ያቆየው ድምፅ

የሻረግ በግራ ጆሮዋ ሰውዬው ሲስቅ ሰማች፤ በቀኝ ጆሮዋ ደግሞ ያው ሰውዬ ያስላል። ወደ ኋላ መልሳ አዳመጠችው። አሁንም በግራ ሳቅ፣ በቀኝ ሳል ነው። "ሳቀ የተባለው አልሳቀም፤ አስሎታል" ብላ ልትጽፍ ጣቷን ሰሌዳው ላይ አሳርፋ ነበር፤ ግን ተወችው። ይህ እርማት ለሰውዬው እናት ሲደርስ ምን ይሉ ይሆን? ልጄን ብርድ ገባው፣ ሳንባውን መታው እያሉ ሲገላበጡ ሊያድሩ ነው። ሴትየዋ ደግሞ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። "ጉሮሮውን ጠረገ" ብላ ጻፈችና አለፈች። ማለፉን አለፈች እንጂ ሳሉ ከጆሮዋ አልወጣም።

ፊት ለፊቷ የሚቀመጠው ዳምጤ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ ያያታል።

"አንቺ ሴትዮ፣ አንድ ነገር ስንቴ ነው የምታዳምጪው? አራሚ ነሽ ወይስ ሐኪም?"

"ሳል ነው። ደረቅ ይሁን አክታ ያለው አልለየልኝም።"

"ሰባት መቶ ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ማዶ ያለ አክታ ለአንቺ ምንሽ ነው? ይልቅ ደስ ይበልሽ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ያገኘሽው ልዩነት ይኼው አንድ ሳል ነው። ግምቱን የሚሰጠው ናው አድጎ ሰው ሆኗል። እኔና አንቺን በቅርቡ ጡረታ ያወጣናል።"

"ሟርተኛ" አለችው፤ ግን ነገሩ እሷንም ሲከነክናት ነው የሰነበተው። ሰው እንዴት ሦስት ሳምንት ሙሉ እንደተገመተ ይናገራል?

ሁለቱ የሚሠሩት ማርስ ላይ፣ በመስታወት ጣሪያ ሥር በተሠራችው በጸዳል ከተማ፣ የቃል ቤት በሚባል መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው። የቃል ቤቱ ሥራ የከተማውን ሰው ከግግር ጣቢያ ጋር ማነጋገር ነው። ግግር ከጁፒተር ጨረቃዎች በአንዷ፣ በዩሮፓ በረዶ ላይ የተተከለ ጣቢያ ሲሆን፣ ስድሳ አራት የጸዳል ልጆች እዚያ በረዶውን እየቆፈሩ ከሥሩ ያለውን ባሕር ያጠናሉ። ከዚህ የተነገረ ቃል እዚያ ለመድረስ አርባ ደቂቃ ይፈጅበታል፤ መልሱም ለመምጣት ሌላ አርባ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እናት "እንዴት አደርክ?" ብላ "እግዚአብሔር ይመስገን" የሚለውን ለመስማት ሰማንያ ደቂቃ ትጠብቅ ነበር። የእኛ ሰው ሰላምታ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ጤናህስ፣ ሥራህስ፣ ብርዱስ እየተባለ ዋናው ጉዳይ ሳይነሣ ይመሻል።

ናው የመጣው ያኔ ነው። የጫማ ሣጥን የሚያህል መነጋገሪያ ነው፤ የእያንዳንዱን ሰው ድምፅ፣ አመልና የቃል አጣጣል አጥንቶ ይዟል። ስታናግረው፣ ልጅህ ሊመልስልህ ይችላል ብሎ የገመተውን በልጅህ ድምፅ ወዲያው ይመልስልሃል። እውነተኛው ቃል በኋላ፣ በሰማንያ ደቂቃው ይደርሳል። አራሚዎች ያኔ በግራ ጆሯቸው ግምቱን፣ በቀኝ ጆሯቸው ደራሹን ቃል እያዳመጡ ያስተያያሉ፤ ልዩነት ካለ ለቤተሰቡ እርማት ይልካሉ። "ትናንት በላሁ ያለችው አልበላችም።" "ናፈቅሽኝ ማለቱ እውነት ነው፤ እንዲያውም ሁለት ጊዜ ብሏል።" ጸዳል ውስጥ እንዲህ ያለ ወረቀት በበር ሥር ሾልኮ ሲገባ ማንም አይደንቀውም። ግግር ላይ ግን አራሚ የለም፤ ሰዎቹ ሥራ ስለሚበዛባቸው እርማቱንም ራሱ ናው ይሠራላቸዋል።

ስሙ ከድሮ እንግሊዝኛ የተወሰደ ነው፤ "አሁን" ማለት ነው። የሻረግ ተማሪ ሳለች እንግሊዝኛ ያስተማሯት መምህር ቃሉ ብዙ አገልግሎት እንዳለው ነግረዋቸው ነበር። ጊዜን ያመለክታል። ተናጋሪ ወሬውን ሲጀምር መንደርደሪያ ያደርገዋል። የተቆጣ ሰው ትእዛዙ ላይ ይጨምረዋል። የሚያለቅስ ሕፃን ደግሞ "ናው፣ ናው" እያሉ ያባብሉበታል። "ሕፃን በጊዜ ይባበላል እንዴ?" ብላ ብትጠይቅ፣ መምህሩ "አንቺን ምን እያሉ ያባብሉሽ ነበር?" አሏት። "እናትሽ መጣች፣ መጣች እያሉ" ብላ መለሰች። ክፍሉ ሳቀባት።

አራሚዎቹ ከቃሉ ጋር ሲኖሩ ሦስት አሁን እንዳለ ለምደዋል። እዚህ ያለው አሁን አለ፤ እዚያ ያለው አሁን አለ፤ ሣጥኑ ውስጥ ያለውም አሁን አለ። ሰው ሁሉ የሚወደው ሦስተኛውን ነው።

መመሪያው ላይ ያልተጻፈ ሌላ ነገርም ነበር። በመመሪያው መሠረት እርማት በአንድ ሰዓት ውስጥ ይላካል። ነገር ግን ክፉ ወሬ ብቻውን በተቀመጠ ሰው ላይ እንደ ድንጋይ አይወረወርም። መርዶ እንኳ የሚነገረው ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ፣ በማለዳ ነው፤ እስከዚያ "ትንሽ አሟታል" ይባላል። የጸዳል ሰው መስታወት ሥር ይኑር እንጂ ይህን ልማድ አልጣለም። ስለዚህ አራሚዎቹ በደንብ ላልተሰማ ድምፅ ተብላ የተሠራችውን "ይቆይ" የምትባል ቁልፍ ለዚህ ያውሏታል። ክፉው ቃል ማቆያ ወደሚባለው መዝገብ ይገባና ባለቤቱ ሰው እስኪኖረው ድረስ ይቀመጣል። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ከየሻረግ የበለጠ "ይቆይ"ን የተጫነ የለም። አንጀቷ አይችልም። የራሷን የልጅ ልጅ፣ ትርሲትን እንኳ ያሳደገቻት እንዲሁ ነው። ትርሲት የአራት ዓመት ልጅ ሳለች እናቷ ሞተች፤ የሻረግ ግን "ሕክምና ሄዳለች" እያለች ሦስት ዓመት አቆየቻት። ልጅቷ ሰባት ዓመት ሲሞላት አንድ ቀን ፀጉሯን እየተሠራች፣ "እምዬ፣ እናቴ የሞተች ቀን ውጭ አቧራ ይነፍስ ነበር?" ብላ ጠየቀቻት። ታውቅ ኖሯል። አያቷ እንዳትደነግጥ ብላ ነው ዝም ያለችው።

ትርሲት አሁን ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ግግር ላይ የማሞቂያ ቴክኒሻን ናት። አራሚ የራሱን ዘመድ ቃል እንዲያርም ስለማይፈቀድለት የእሷን ቃል የሚያርመው ዳምጤ ነው። የዳምጤን ልጅ የናሁሰናይን ደግሞ የሻረግ ታርማለች።

የዚያን ዕለት ጠዋት፣ አራት ሰዓት ገደማ፣ የሻረግ ወደ ማቆያው ገባች። ከወር በፊት የአንዲት አራስ ባል ግግር ላይ ሁለት ጣቱን መሰርሰሪያ ቆርጦበት፣ ወሬውን አቆይታላት ነበር። አራስ ይህን ሰምታ ወተቷ ቢደርቅስ? ትናንት ሕፃኑ ክርስትና ተነሥቷል፤ የሴቲቱም እናት አብራት ናት፤ ከዚህ ወዲያ ይነገራት ብላ ነው። ማቆያው ውስጥ ብዙ ጊዜ ሃያ ወይም ሠላሳ ቃል ነው የሚኖረው።

ሰሌዳው ላይ የመጣው ቁጥር ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ስድስት ይላል።

ዓይኗን አሸችና እንደገና አየችው። ከእያንዳንዱ ቃል ጎን ያቆየው ሰው ስም ይጻፋል፤ የእሷ ስም አሥር ቦታ፣ የዳምጤ ስድስት ቦታ አለ። በቀሩት ሁሉ ላይ የተጻፈው አንድ ስም ነው፤ ናው።

ከታች ወደ ላይ ስትወርድ ስትወጣ ትርሲት የሚለውን አገኘችው። ሕጉን አላጣችውም። ልቧ ግን ከሕጉ ቀድሞ ነበር፤ ከፈተችው። የመጀመሪያው የተመዘገበው ከአሥራ ዘጠኝ ቀን በፊት ነው።

"እምዬ፣ ትርሲት ነኝ። አንደኛው ማሞቂያ ቆሟል። ሁለተኛውም እያነከሰ ነው። ለዋናው ቢሮ ልከናል፤ አንቺም አስታውሻቸው። ቶሎ መልስ ስጡን።"

የሻረግ ያን ቀን ምን ሲያወሩ እንደዋሉ ታስታውሳለች። ስለ ቲማቲም ነበር። ጣሪያ ሥር የዘራችው ቲማቲም አበባውን አረገፈ ብትላት፣ ትርሲት "ውኃ አብዝተሽበት ነው" ብላ ስቃ ነበር። ሣጥኑ ውስጥ ያለችው ትርሲት።

ቀጣዩን ከፈተች።

"እሺ እምዬ፣ መርከቧ ተነሥታለች ካልሽ እንጠብቃለን። ድምፅሽን ስሰማ ብርዱም ቀለል አለልኝ።"

እሷ ስለ መርከብ አንድም ቃል አልተናገረችም። ወንበር ስባ ተቀመጠች። የመጨረሻው ቃል የደረሰው በዚያው ጠዋት ነው። የልጅቷ ትንፋሽ ይቆራረጣል።

"እምዬ፣ አራት ሰው ሞቶብናል። የቀረነው ስድሳ ሰዎች አንድ አዳራሽ ገብተናል፤ የቀረን የስምንት ቀን ሙቀት ነው። የጠፈር ጀልባዋን አስነሥተን ወደ ጎረቤት ጨረቃ፣ ወደ ጋኒሜድ እንሂድ ያሉ ነበሩ። እምዬ ጠብቁ ብላለች፣ እምዬ ዋሽታኝ አታውቅም ብዬ አስቀረኋቸው። መቼ ነው የሚደርሱት? ብቻ ቀኑን ንገሪኝ።"

ዳምጤ በሩን ከፍቶ ሲገባ የሻረግ ቀኙን ማዳመጫ በሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ ተጭና ይዛ ነበር። ፊቷ በቃው። ማዳመጫውን ከእጇ ወስዶ ሰማ። ሰምቶ ሲጨርስ በሰሌዳው ላይ የልጁን ስም መፈለግ ጀመረ። የናሁሰናይ የመጨረሻ ቃል ከሦስት ቀን በፊት የደረሰ ነበር።

የቃል ቤቱን ኃላፊ ኢንጂነር ፍሬሰንበትን ጠሯት። ገና አርባ ያልሞላት፣ ነገር ከመናገሯ በፊት መነጽሯን የምትወለውል ሴት ናት። ግማሽ ሰዓት ያህል ሰሌዳው ላይ ጎንበስ ብላ ቆየችና ቀና አለች።

"ተበላሽቶ ነው?" አላት ዳምጤ።

"አልተበላሸም። ቢበላሽ ይሻለን ነበር" መነጽሯን አወለቀች። "እማማ የሻረግ፣ እናንተ 'ይቆይ' ያላችሁትን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሲያይ ኖሯል። የትኛው ቃል እንደሚቆይ ተማረ። ከዚያ እናንተን ማስቸገር ተወ፤ ክፉውን ራሱ እያቆየ በቀኝ ጆሯችሁም ግምቱን ያሰማችኋል። የማሞቂያው ቁጥር፣ ለዋናው ቢሮ የተላከው ደብዳቤ፣ ሁሉም በእሱ በኩል ነው የሚያልፈው። እዚያም ያሉትን እንዲሁ አድርጓቸዋል። ማንም እንዳልሰማቸው ቢያውቁ ይከፋቸዋል ብሎ ነው።"

"መቼ ሊነግረን ነበር?" አለች የሻረግ።

ፍሬሰንበት መስታወቱን በቀሚሷ ጫፍ ወለወለችው። "ሰው ሲሰበሰብ። ከእናንተ የተማረው እንደዚያ ነው። የስድሳ አራት ሰው ወሬ ነውና ስድሳ አራቱ ቤተሰብ አንድ ላይ እስኪገኝ ይጠብቃል። አንድ ላይ ደግሞ ተገኝተው አያውቁም።"

የሻረግ እጆቿን አየቻቸው። ያን ሁሉ ዓመት ያን ቁልፍ የተጫኑት እነዚህ ጣቶች ናቸው። ለእናት አዘንኩ፣ ለአራስ አዘንኩ ስትል፣ ከጎኗ አንድ ዝምተኛ ልጅ ተቀምጦ እያንዳንዱን ነገር ከእሷ ይለቅም ነበር ማለት ነው። ልጅ ደግሞ የነገሩትን ሳይሆን ያየውን ነው የሚይዘው።

"መርከብ ብንልክ?"

"አምስት ወር ይፈጃል እማማ። ያላቸው ጀልባዋ ብቻ ናት። ጋኒሜድ ላይ የሌላ አገር ሰዎች ጣቢያ አለ፤ ስድስት ቀን ያስኬዳል።"

"ስምንት ቀን ነው የቀራቸው።"

"ስለዚህ እስከ ነገ ወዲያ መነሣት አለባቸው።"

ዳምጤ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ነበር። ድምፁ ከወትሮው ዝግ አለ። "እንግዲያው በሥርዓቱ እናድርገው። ዛሬ ሽማግሌ እንጥራ፤ ቤተሰቡን እናሰባስብ፤ ነገ በማለዳ ይነገር። ከዚያ እዚያ ላሉትም ምን እንደምንል ተማክረን እንልካለን። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል።"

"ማደሪያ ላለው ነዋ" አለች የሻረግ። "እነሱ የት ያድራሉ?"

"እንዲያው ድንገት መርከብ የለም፣ ማንም አልሰማችሁም ልትያቸው ነው? በዚያ ብርድ ልባቸው ቢሰበርስ? አንቺ እኮ ነሽ ለሳል የምትጨነቂው።"

እሱ የሚለው እሷም ትናንት ብትሆን የምትለው ነው። ሆዷ ውስጥ ያለው ሁሉ "ይቆይ" ይላታል፤ ቢያንስ ምሳ ይብሉ፣ ቢያንስ ይንጋላቸው። እዚያ ደግሞ ንጋት የሚባል ነገር ካለ። ተነሣችና ፍሬሰንበትን "ጥሬ መስመሩን ክፈቺልኝ" አለቻት።

ጥሬ መስመር የሚሉት በናው ውስጥ የማያልፈውን አንድ የአደጋ ጊዜ መስመር ነው። ከዚህ የተናገሩትን አርባ ደቂቃ ቆይቶ በጣቢያው አዳራሽ ድምፅ ማጉያ እንዳለ ያወጣዋል። ከስድስት ዓመት ወዲህ የነካው አልነበረም፤ መሸፈኛው ጨርቅ ሲነሣ አቧራ ቦነነ። ፍሬሰንበት ቁልፉን አዙራ ወደ ኋላ አለች።

የሻረግ እንደ ልማዷ "እንዴት አደራችሁ" ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው።

"ትርሲት፣ አያትሽ ነኝ። ይህ በናው አይደለም የሚመጣው። ድምፅሽን ዛሬ ነው የሰማነው። አሥራ ዘጠኝ ቀን ያናገረሽ እኔ አይደለሁም። መርከብ አልተነሣም። የሚመጣ ሰው የለም፤ አሁን ብንነሣም አንደርስላችሁም። ጠብቁ ያልኩሽ እኔ አይደለሁም። በጀልባዋ ውጡ፤ እስከ ነገ ወዲያ ውጡ።" ወደ ማናገሪያው ጠጋ አለች። "እኔ መሆኔን በምን ታውቂያለሽ? ድምፁ ያው አንድ ነው። እኔ ግን በሕይወቴ ክፉ ወሬ ነግሬሽ አላውቅም፤ ናውም ይህን ያውቃል። ይኼ ክፉ ነው። ስለዚህ እመኚኝ። ሣጥኑን አጥፊው።"

ቁልፉን መልሳ አዞረች። ለአምስት ሰዓት ሃያ አምስት ጉዳይ ነው።

ሰማንያ ደቂቃ እንዲህ ረጅም መሆኑን የጸዳል ሰው ረስቶታል። ዳምጤ ተቀምጦ መጠበቅ አቃተውና ቤተሰቦቹን ሊጠራ ወጣ። እየተንጠባጠቡ መጡ፤ አንዳንዱ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ፣ አንዳንዷ ሕፃን አዝላ። ምን እርማት ኖሮ ነው ይባባላሉ። አንድ ሰውዬ "የእኔ ልጅ ትናንት ጥርሴን አመመኝ ብሎኛል፤ እሱ ይሆን?" ብሎ ጎረቤቱን ሲጠይቅ የሻረግ በመስኮት ሰማችው። ናሁሰናይ ከሞቱት አንዱ ይሁን አይሁን ዳምጤ አልጠየቀም፤ እሷም ሦስት ቀን መዘግየቱን አላነሣችበትም።

ለስድስት ሰዓት አምስት ጉዳይ ሲል መስመሩ ጮኸ። መጀመሪያ የተሰማው ብዙ ሰው የታጨቀበት ቤት ጉምጉምታ ነው። ከዚያ ትርሲት።

"እምዬ።" ረጅም ትንፋሽ። "ሰማንሽ። ሣጥኑን አጥፍቻለሁ። ጀልባዋን አሁኑኑ ማሞቅ እንጀምራለን፤ ነገ እንነሣለን። አንቺ ብቻ አትጨነቂ። ሁላችንም እንሳፈራለን፤ ሰፊ ናት፤ ትበቃናለች። ቲማቲምሽ እንዴት ሆነልሽ?" መስመሩ ተቆረጠ።

የሻረግ ዓይኗን ጨፍና "ተመስገን" አለች። ስትገልጠው ፍሬሰንበት ወለሉን እያየች ነው፤ መነጽሯ እጇ ላይ ነው።

"ምነው?"

"ምንም አይደል እማማ።"

"ፍሬሰንበት።"

"ደክሞዎታል፤ ትንሽ ይረፉ። ሰዎቹም ይሂዱና በኋላ እነግርዎታለሁ።"

"አሁን ንገሪኝ።"

"ጀልባዋ አርባ ሰው ነው የምትይዘው። ከአርባ በላይ አየር የላትም።"

ስድሳ ሰው። የሻረግ ቆጠረችው፤ ሃያ ሰው ይቀራል። ጀልባዋን የምታሞቀው፣ ስፋቷን ከማንም በላይ የምታውቀው ደግሞ ትርሲት ናት። በመካከላቸው ሣጥን አልነበረም፤ ግምት አልነበረም፤ ጥሬው መስመር ያመጣው የልጅቷ የራሷ ቃል ነው። እውነቱን በሰማች በአንድ ትንፋሽ ውስጥ "ይቆይ"ን ተጫነችባት። ናው ይህን ከየት እንደተማረ መጠየቅ ምን ያደርጋል? ትርሲትስ ከየት ተማረችው?

ወደ ደጅ ወጣች። ሽማግሌ አልቀደማትም፤ ማለዳም አልነበረም። ከአሥራ ዘጠኝ ቀን በፊት ከሆነው ጀምራ አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው። ማሞቂያውን፣ አራቱን ሟቾች፣ ጀልባዋን፣ አርባውን ቁጥር። የሟቾቹን ስም ገና አላወቅንም አለች። "ልጄ ሁላችንም እንሳፈራለን ብላለች፤ ይህ ግን ሊሆን አይችልም።" አንዲት ሴት ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ አጣጠፈችው፤ እንደገና ፈታችው።

ያ ስለ ልጁ ጥርስ ሕመም ሲጠይቅ የነበረው አባት "እንዲህ አድርገሽ ነው የምትነግሪን?" አላት። አልጮኸም። "እዚህ መንገድ ላይ? ሰው እንደ ዕቃ ቆመን?"

"ልጆቻችሁን በጥሬው መስመር ለማናገር የምትፈልጉ፣ ተራ ይዛችሁ ግቡ" አለች ፍሬሰንበት። "መልሱ በሰማንያ ደቂቃ ይመጣል።"

ሦስት ሰዎች በሩ ላይ ተሰለፉ። ከእነሱ በፊት ግን የሻረግ ገባችና አንድ ጥያቄ ብቻ ላከች። "ትርሲት፣ አንቺ ከአርባዎቹ አንዷ ነሽ?" ሌላ ምንም አልጨመረችበትም።

ያን ጊዜ ስድስት ሰዓት ተኩል ሆነ። በጸዳል ይህ የመነጋገሪያ ሰዓት ነው፤ በየቤቱ ያለው ሣጥን ሁሉ ያቃጭላል። ከመንገዱ ማዶ፣ ከክፍት መስኮት፣ የአንድ ወጣት ድምፅ "እናቴ፣ የት ጠፋሽ?" ሲል ተሰማ። ነጠላ ስታጣጥፍ የነበረችው ሴት ቀና አለች። ማንንም ሳታይ ወደ ቤቷ መራመድ ጀመረች፤ ከዚያም መሮጥ። ከእሷ በኋላ ሌላ ሄደ፤ ከዚያ ሁለት፤ ከዚያ ብዙ። ማንም ማንንም አላየም። የጥርስ ሕመሙ አባት ሲያልፍ ፍሬሰንበትን "ዛሬን ብቻ አታጥፊብን" አላት፤ እንደ ልመና ነበር። ከተሰለፉትም ሁለቱ ተራቸውን ትተው ወጡ።

ዳምጤ እጁን ኪሱ ከትቶ መሬት መሬት ያይ ነበር።

"ድምፁን ብቻ ሰምቼ እመጣለሁ" አላት።

"ዳምጤ፣ እሱ እኮ..."

"አውቃለሁ፤ ሥራዬ ነው። አውቃለሁ።" ቀስ ብሎ ሄደ። ጥቂት ቆይቶ፣ ከቃል ቤቱ መተላለፊያ ጫፍ ካለው ክፍል፣ በአባቱ የጡረታ ወሬ የሚስቅ የናሁሰናይ ሳቅ ተሰማ።

የሻረግ ወደ አራሚዎቹ ክፍል ተመለሰች። ፍሬሰንበት ተከትላት ገባችና ግድግዳው ላይ ያለውን የናው ዋና ማጥፊያ ከፍታ እጇን አሳረፈችበት።

"እርስዎ ካሉ አጠፋዋለሁ እማማ። ብቻዬን ልወስነው አልችልም። ላጥፋው?"

ማጥፋት እንዳለባት የሻረግ አላጣችውም። አፏንም ለመናገር ከፍታ ነበር። ጠረጴዛዋ ላይ ያለው ሣጥን አቃጨለ።

"እምዬ፣ ዋልሽ? ዛሬ ምነው ዘገየሽ?"

ድምፁ ሞቅ ያለ ነው። አይቆራረጥም። ትንፋሹ ሙሉ ነው፤ ከኋላው ጉምጉምታ የለም፤ ብርድ ገብቶት አያውቅም። ፍሬሰንበት ማጥፊያውን እንደያዘች ትጠብቃለች። የሻረግ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየችው። እውነተኛው መልስ እስኪመጣ ሰባ ደቂቃ ያህል ቀርቷል።

"ትንሽ ይቆይ" አለቻት፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "መልሱ እስኪመጣ ብቻ።"

ወንበሯን ወደ ሣጥኑ አስጠጋች።

"አለሁ ልጄ" አለች። "አለሁ።"